መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት የጠመንጃችሁን ወረቀት አንብቡ

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ለይታችሁ ይህን ጋዜጣ ራሳችሁ ለማንበብ በመብቃታችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ማንበብ ለገበሬ ምን እንደሚጠቅም በግልጽ የሚያሳይ ነው። ይኸውም ጠመንጃና ጥይት ይዞ በመኪና ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል ስለ መሄድ ነው።

ስለ ጠመንጃ ለጎጃም ገበሬ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። ጠመንጃ በምዕራብ ጎጃም ከሞፈርና ከቀንበር ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ከብት ከሌባ ይጠበቅበታል። አዝመራ ከአውሬ ይጠበቅበታል። ታዲያ ምን የሚነገር ነገር አለ?

አለ። ጠመንጃ ቤት ሲቀመጥና ጠመንጃ መኪና ሲሳፈር አንድ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ ቡሬ ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሌላው ወደ ዓባይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። ከዓባይ ማዶ ያለው ኦሮሚያ ክልል ነው። ወደ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል ብትሄዱም ዓባይን ስትሻገሩ ያው ኦሮሚያ ክልል ትገባላችሁ። በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ብትሄዱ ደግሞ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በየመንገዱ ኬላ አለ። ፍተሻ አለ። ሕግ አለ። በቀዬው የተከበረ ሰው ወረቀቱ ስላልተስተካከለ ብቻ ኬላ ላይ እንደ ወንጀለኛ ሊቆም ይችላል።

ምዝገባ ለምን ያስፈራል?

ብዙ ሰው «ጠመንጃህን አስመዝግብ» ሲባል ይደነግጣል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ታሪኩን ጥቂት እንመልከት።

የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የያዘው ለጌጥ አልነበረም። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አርበኛው በረሃ የወረደው ያለችውን ጠመንጃ ይዞ ነው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. በጥር ወር በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ጥይቱና ጠመንጃው ከሱዳን በግመል ተጭኖ ነበር የመጣው። በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ተጭነው ከተነሡት ውስጥ አብዛኞቹ በመንገድ ሞተው ቀሩ። የቡሬ ምሽግ ከጣልያን እጅ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋር ተባብሮ ጣልያንን ከቡሬ ወደ ደንበጫ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋው።

ኋላ ግን ጠመንጃው የቅሬታ ምንጭ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ካነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ የጠመንጃ ምዝገባና ለምዝገባው የሚጠየቀው ገንዘብ ነበር። ገበሬው «ዛሬ ጠመንጃዬን ጻፉ፣ ነገ መሬቴን ይጽፋሉ፣ ከነገ ወዲያ ሁለቱንም ይወስዳሉ» ብሎ ሠጋ። ዳሞት፣ ሞጣና ብቸና ተነሡ። በመጨረሻ ንጉሡ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ከጎጃም አነሡ። የተጠራቀመውን ግብርም ማሩ።

በዚያ ዘመን የነበረውን ችግር ልብ በሉ። ገበሬው ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን ያትማል። ነገር ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል አያውቅም። ጸሐፊው ያለውን ያምናል፣ ወይም ይጠረጥራል። የማያነቡትን ወረቀት መፍራት ደግሞ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን እናንተ ታነባላችሁ። ስለዚህ የጠመንጃ ወረቀት የሚያስፈራ መሆኑ ቀርቶ የሚጠብቃችሁ ጋሻ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2012 ዓ.ም. «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ» የሚባል ሕግ ወጣ። ቁጥሩ 1177/2012 ነው። ይህን ቁጥር በደብተራችሁ ላይ ጻፉት። አዋጁ የፌዴራል ነው። ይህ ማለት ለአማራ ክልል ብቻ ወይም ለኦሮሚያ ክልል ብቻ የወጣ አይደለም ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚሠራው አዋጅ ነቀምትም ላይ ይሠራል። አዋጁን በበላይነት የሚያስፈጽመው የፌዴራል ፖሊስ ነው።

ከአዋጁ አራት ነገሮችን እንያዝ።

1ኛ. ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። «ከአባቴ የወረስሁት ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። «በላቤ የገዛሁት ነው» ማለትም ፈቃድ አይሆንም።

2ኛ. መያዝ ሌላ ነው፣ ማጓጓዝ ሌላ ነው። ሕጉ መያዝን፣ ማጓጓዝን፣ መሸጥን፣ መጠገንን እያንዳንዱን ለየብቻ ይቈጥራቸዋል። ሁሉም በፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። የራሱን አንድ ጠመንጃ በፈቃድ የያዘ ሰው የሌላውን 3 ጠመንጃ በመኪና ላድርስ ቢል ፈቃዱ አይሸፍነውም።

3ኛ. ሕጉ ስለ ጠመንጃ ብቻ አይደለም፣ ስለ ጥይትም ነው። አንዳንድ ሰው «ጠመንጃ አልያዝሁም፣ ይህች ጥይት ብቻ ናት» ይላል። ጠመንጃ ሳይኖር ጥይት ብቻውን መኪና ላይ ሲገኝ እንዲያውም የበለጠ ያስጠረጥራል።

4ኛ. ፈቃድ ቢኖርም መሣሪያ ይዞ የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ሕዝባዊ ስብሰባ የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ከታመመ ሰው ጋር በመኪና ተሳፍራችሁ ሆስፒታል የምትሄዱ ከሆነ ጠመንጃው ከቤት ባይወጣ ይሻላል። የሆስፒታሉ በር ላይ ማን ይይዝላችኋል? በሽተኛውን ትደግፋላችሁ ወይስ ጠመንጃውን ትጠብቃላችሁ?

ይህን የተላለፈ ሰው እስራት ይጠብቀዋል። መሣሪያውም ይወረሳል። የመሣሪያው ብዛት በጨመረ ቁጥር ቅጣቱም ይከብዳል። ጠመንጃ ዛሬ ጥንድ በሬ የሚያሸጥ ዕቃ ነው። በወረቀት ጉድለት እሱን ማጣት የአንድ ዓመት ልፋትን ማጣት ነው።

ይህ ጠመንጃ የማን ነው?

ከመንገድ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። በየቤቱ ያለው ጠመንጃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው በስማችሁ ፈቃድ የወጣበት የግል ጠመንጃ ነው። በሕግ የምትጠየቁበትም፣ በሕግ የምትከራከሩበትም ይህ ነው። ፈቃዱ የእናንተ ብቻ ነው። ለወንድም፣ ለአማች፣ ለጎረቤት አይዋስም። ጠመንጃውን ያዋሰ ሰው ችግሩንም አብሮ አዋሰ።

ሁለተኛው የመንግሥት ጠመንጃ ነው። ለሚሊሻ የሚሰጠው እንዲህ ያለው ነው። በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራት የአብዮት ጥበቃ ጓድ ሲያቋቁሙ የሚታጠቁት መሣሪያ የግለሰብ አልነበረም። ዛሬም የሚሊሻ መሣሪያ ለሥራ የተሰጠ ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለገበያ ተብሎ መኪና አይሳፈርም። ከተመደቡበት ቦታ ውጭ የሚወጣው የላከው ክፍል በጽሑፍ ሲያዝዝ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ባለቤቱ በሕይወት የሌለ ጠመንጃ ነው። እናቶቻችን ይህን በተለይ ልብ በሉልን። ባል ሞቶ ምኒሽሩ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የቀረባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ወረቀቱ በሟች ስም ነው። ልጅየው ያን ጠመንጃ አንግቶ በሟች አባቱ ወረቀት ኬላ ላይ ቢደርስ ወረቀቱ አያድነውም። በሬና መሬት ለልጅ ይወረሳል። የጠመንጃ ፈቃድ ግን እንደ በሬ አይወረስም። ወራሹ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዶ የባለቤቱን መሞት ማስታወቅና ጉዳዩን በራሱ ስም ማስጨረስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ጠመንጃው መንገድ አያውቅም።

ቁጥሩን በዓይናችሁ አመሳክሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሰው በስሙ እንደሚታወቅ ሁሉ ጠመንጃ በቁጥሩ ይታወቃል። በፋብሪካ የተሠራ ጠመንጃ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ክላሽ ላይ ቁጥሩ በአብዛኛው ከካዝናው በላይ በግራ በኩል ባለው ብረት ላይ ይገኛል። እንደ ምኒሽርና ቤልጅግ ባሉት ላይ ደግሞ አፈሙዙ ከገላው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ይፈለጋል። ዝገትና ቅባት ሸፍኖት እንደሆነ በጨርቅ ጥረጉት። በሞረድ ግን አትንኩት። ቁጥሩ የተፋቀ ጠመንጃ የተሰረቀ ጠመንጃ ይመስላል።

ቁጥሩ የተጻፈው በ፩፣ ፪፣ ፫ አይደለም፤ በ1፣ 2፣ 3 ነው። ከፊቱ ወይም ከኋላው የፈረንጅ ፊደል ሊኖር ይችላል። የፈረንጅ ፊደል ባታውቁም ግድ የለም። የከብት ምልክት እንደምትለዩ ሁሉ ቅርጹን አይታችሁ በደብተራችሁ ላይ እንዳለ ሣሉት። ከዚያ ወረቀታችሁን አውጡና አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከግራ ወደ ቀኝ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንብቡ።

ለምሳሌ ጠመንጃው ላይ 431768 ቢል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ 431786 ቢል አንድ ነው ወይስ ሁለት? ፈጥኖ ላየው አንድ ይመስላል። ፈታሽ ግን ሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች ናቸው ይላል። ወረቀቱ ፈቃድ የሰጠው ለሌላ ጠመንጃ ነው፣ በእጅህ ያለው ፈቃድ የለውም ይላል። ልክ ነው።

ይህ የሚሆን ነገር ነው። በማታው ክፍል የምናስተምራቸው አንድ አዛውንት ቁጥር ባነበብን ሰሞን ወረቀታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ በሣጥን ውስጥ አኑረውት ኖረዋል። «ልጄ፣ ይህንን ራሴ ላንብበው፤ ስሳሳት ንገረኝ» አሉ። ስማቸውን አነበቡ። የአባታቸውን ስም አነበቡ። ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ከቤት በከሰል ገልብጠውት ከመጡት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ዝም አሉ። ከዚያ «3 ነው 8?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጠመንጃው ላይ 8 ነበር። ወረቀቱ ላይ 3 ተጽፏል።

በቀጣዩ ሳምንት ዓባይን ተሻግረው ልጃቸውን ሊጠይቁ ቆርጠው ነበር። በማግሥቱ ወረቀቱንም ጠመንጃውንም ይዘው ወደ ጻፈላቸው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ቁጥሩ ታረመ፤ ማኅተምም ተደረገበት። ኋላ ግን «ለልጅ ጥየቃ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል?» ብለው እሱን ቆልፈውበት በትራቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ያቺን አንድ ቁጥር ያገኙት ማንበብ ስለ ቻሉ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ከቁጥሩ ሌላ በወረቀቱ ላይ እነዚህን ፈልጉ። ስማችሁ እስከ አያት በትክክል ተጽፏል ወይ? የጠመንጃው ዓይነት ልክ ነው ወይ? ጊዜው ያበቃል የሚል ቀን አለው ወይ? ፊርማና ማኅተም አለው ወይ? አንዱ ከጐደለ መኪና አትሳፈሩ።

ከመሳፈር በፊት

ወረቀታችሁ ትክክል ሆኖ ከተገኘ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ ጉዞ ጠመንጃ ይፈልጋል ወይ? ለገበያ፣ ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሠርግ ከሆነ አይፈልግም። ቤት ቆልፎ መተው ከሁሉ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ የግድ ከሆነ ፈቃዱን ወደ ሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ሂዱ። የምትሄዱበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የጠመንጃውን ቁጥርና የጥይቱን ብዛት ተናገሩ። የተፈቀደላችሁን በጽሑፍና በማኅተም ጠይቁ። «ሂድ ችግር የለውም» የሚል የአፍ ቃል ኬላ ላይ ምስክር አይሆንም። ሲሰጧችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስሕተት ካለ እዚያው አሳርሙ።

ሦስተኛ፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ። ካዝናውን ነቅላችሁ አውጡ። አቀባብላችሁ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን እዩ። ይህን ስታደርጉ ሰው በሌለበት፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ ይሁን። ጥይቱን ከጠመንጃው ለይታችሁ ያዙ። መኪና በጉድጓድ ይዘላል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል። የጎረሰ ጠመንጃ በሰው በተሞላ ሚኒባስ ውስጥ ቢባርቅ የሚመታው ጎረቤታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ነው። «ሳላስበው ነው» ማለት ሟችን አያስነሣም። የወንጀል ሕጉም በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል።

አራተኛ፣ አትደብቁ። ጠመንጃን በጤፍ ጆንያ ውስጥ፣ በሣር እስር ውስጥ፣ በፍራሽ ውስጥ ደብቆ ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ፈቃድ ያለውን ሰው እንደሌለው ያስመስለዋል። መናኸሪያ ላይ ሳትሳፈሩ በፊት ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ተናገሩ። እነሱ አንጭንም ካሉ አትጨቃጨቁ። መኪናው ሲፈተሽ አብረው የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

የአደራ ዕቃ

አደራ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ነው አታላይ ሰው አደራን የሚጠቀምበት። መናኸሪያ ላይ አንድ ሰው ቀረብ ይልና «እባክህ አባቴ፣ ይህችን ካርቶን ቡሬ ላይ የሚቀበልህ አለ» ይላል። ወይም ከመተማ በኩል ለሚመለስ የሰሊጥ ሠራተኛ «ይህንን ዕቃ ፍኖተ ሰላም ብታደርስልኝ የመሳፈሪያህን እችላለሁ» ይለዋል። ካርቶኑ ይከብዳል። ውስጡ ያለው ብስኩት ነው ይባላል።

ሕገ ወጥ መሣሪያ በዚህ መንገድ ይጓዛል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ከድንበር የገቡ ሽጉጦች በነዳጅ ቦቴ ውስጥ ሳይቀር ተደብቀው መያዛቸው በዜና ተነግሯል። ትልቁ ነጋዴ ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ የለም። መኪናው ላይ ያለው ሾፌሩ፣ ረዳቱና የተላከው ምስኪን ነው። ኬላ ላይ የሚያዘውም እሱ ነው።

ስለዚህ ሕጋችን ይህ ይሁን። ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትቀበሉ። አስረካቢው አይከፈትም ካለ መልሱለት። በዚህ የሚቀየም ሰው ይቀየም። አይሱዙ ላይ የእህል ጭነት የምታጅቡም ብትሆኑ ጆንያው ሲጫን ቆማችሁ ቍጠሩ፣ ጻፉ። የጫናችሁት 40 ጆንያ ሆኖ ኬላ ላይ 41 ቢገኝ የሚያድናችሁ ጽሑፋችሁ ነው።

ኬላ ላይ

መኪናው ሲቆም አትደንግጡ። ፈታሹ ሳያገኘው በፊት ራሳችሁ «ጠመንጃ አለኝ፣ ፈቃድም አለኝ» በሉ። እጃችሁ ይታይ። ወደ ጠመንጃው እጃችሁን አትስደዱ፤ የት እንዳለ ብቻ ንገሩ። ወረቀቱን ሰጥታችሁ ሲመለስላችሁ የራሳችሁ መሆኑን አንብባችሁ ተቀበሉ።

መሣሪያው ከተያዘባችሁ በጉልበት አትከላከሉ። ነገር ግን የተቀበላችሁን ሰው በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፉ ላይ የጠመንጃው ዓይነትና ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛት፣ ቀኑ፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ይኑር። አንብባችሁ እንጂ ሳታነቡ አትፈርሙ። አውራ ጣት የምታትሙበት ዘመን አልፏል።

እናንተም ከተያዛችሁ መብት አላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገርም መብት አለው። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ቋንቋችሁ በማይነገርበት ቦታ ብትያዙ «አስተርጓሚ አምጡልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ጊዜ ሲከፋ

እስካሁን የተናገርነው በሰላም ጊዜ ነው። ጊዜ ሲከፋ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወራት ተራዝሞ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰውና የመኪና እንቅስቃሴ፣ መሣሪያ ይዞ መውጣትም ይገደባል። ትናንት የተፈቀደ ዛሬ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በመንገዱ ላይ የወጣ ክልከላ እንዳለ ጠይቁ፤ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ ቆማችሁ አንብቡ።

በጦርነት ጊዜ ሌላም ነገር አለ። ጠመንጃ የያዘ ገበሬ መንገድ ላይ ሲገኝ አንዱ ወገን የሌላው ነው ብሎ ያስበዋል። ሌላውም እንዲሁ። ወረቀት አውጥቶ ለማሳየት እንኳ ጊዜ ላይሰጠው ይችላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ምዕራብ ጎጃም ይህን በዓይኑ አይቷል። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱ እንደ ስሙ እስኪሆን ድረስ ከቤት የወጣ ጠመንጃ ከሚጠብቀው ይልቅ የሚያስገድለው ሊበዛ ይችላል። ጠመንጃ ቢቀር ይገዛል። ሰው ቢቀር አይገዛም።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው

መሣሪያን መቈጣጠር በእኛ አገር ብቻ የተጀመረ አይደለም። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ኡጋንዳና ሌሎች ጎረቤት አገሮች በ1996 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ተስማምተዋል። ስምምነቱ እያንዳንዱ መሣሪያ ምልክትና ቁጥር ይኑረው፣ ይመዝገብ ይላል።

በአሜሪካ 50 ክፍላተ ሀገር አሉ። የእያንዳንዳቸው የጠመንጃ ሕግ ይለያያል። በ1978 ዓ.ም. የወጣ የመላው አገሪቱ ሕግ አንድ መንገደኛ ጠመንጃውን ይዞ በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ነገር ግን በተነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ ጠመንጃውን መያዝ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ጠመንጃው ባዶ ይሁን፤ ጠመንጃውም ጥይቱም ከተሳፋሪው እጅ ይራቅ ይላል። ብዙ መኪናና ብዙ ጠመንጃ ባለበት አገር የተደረሰበት ነገር እንግዲህ እኛ ከላይ ካልነው ጋር ይገጥማል።

ወገኖቻችን! በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሣጥኑን ክፈቱና ወረቀቱን አውጡ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ሁለቱን አመሳክሩ። ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካላችሁ የእሱንም አንብቡለት፤ ቁጥሩን ግን ለሌላ ሰው አታውሩ።

ተወያዩበት

1. በጠመንጃችሁና በወረቀታችሁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው?
2. ወረቀቱ በሟች ስም የሆነ ጠመንጃ ያለበት ቤት ምን ማድረግ አለበት?
3. መናኸሪያ ላይ የማታውቁት ሰው የታሸገ ካርቶን አደራ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?
4. ጠመንጃን መያዝና ጠመንጃን ማጓጓዝ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
5. የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት? ቁጥሩን ጻፉ።